ማሽላ ለእንግዳ አይቀርብም

ሥራዬ ቁጭ ማለት ነው። የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነኝ። ተማሪው መሪ ይይዛል፣ እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ በኔ በኩል በተገጠመችው ፍሬን የሁለታችንንም ነፍስ እጠብቃለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት ከሰውነቴ ሥራ ላይ የነበሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ቀኝ እግሬና ሆዴ። እግሬ ይረግጣል፣ ሆዴ ያድጋል።

ባለፈው ጥቅምት ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አየችና «አቶ ግርማ፣ ስኳርዎ ድንበር ላይ ቆሟል» አለችኝ። «ምግብዎን ያስተካክሉ፣ ይንቀሳቀሱ። ከገና በኋላ ይመለሱና እናየዋለን። ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን።» እኔ ለቅሶ ቤት ገብቼ እንኳ ቀልድ የሚያመልጠኝ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አንድም አልመጣልኝም። አባቴም እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ «ድንበር ላይ ነው» ሲሉት ሳቀ። ከዓመታት በኋላ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጠቆረች። ቀጥሎ እግሩ ተቆረጠ። ቀጥሎ እሱ ራሱ ሄደ። እኔ ደግሞ በእግሬ ነው እንጀራ የምበላው፤ ፍሬን የማይረግጥ አሠልጣኝ ማለት ተሳፋሪ ማለት ነው።

ሥራ ቦታ ሙሐመድ የሚባል ወጣት አሠልጣኝ አለ፤ የቀወት ልጅ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ካለ ገጠር። ጭንቀቴን ስነግረው ሳቀ። «ጋሼ ግርማ፣ የሚያስፈልግዎት የጥንቱ ምግብ ነው። አባቴ ሰባውን አልፏል፣ የሐኪም ደጅ ረግጦ አያውቅም። ለምን? ማሽላ! የይፋት ሰው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የበላው ማሽላ ነው። እኛ ቤት ሳምንት ይቀመጡና ማሽላ ይብሉ፣ እኔ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።» በዛ ሰሞን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንዱ ብቅ እያለ «ወደ አባቶቻችን ምግብ እንመለስ» ብሎ ስለሚሰብከኝ፣ ነገሩ ከሰማይ የተላከ መሰለኝ። ፈቃድ ወሰድኩ። ባለቤቴ አልማዝ ሻንጣዬን እያዘጋጀች «ያንተን ሆድ እንኳን ማሽላ ጅራፍም አይመልሰው» ብላ መረቀችኝ።

ይሄን የምጽፈው ሁሉም ነገር ካለፈ፣ ትንፋሼም ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ስታነቡ አትጨነቁልኝ፤ ለሁላችሁም የሚበቃ እኔ ተጨንቄያለሁ።

ሰኞ

ከላምበረት በጠዋት ተነሳን። ጋቢና ተቀመጥኩ። የሙያ ነገር ሆኖ የሚነዳውን ሰው እጅ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ካየሁም አይወስደኝም። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ በመስኮት ገብቶ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ። ለቁርስ ስንቆም ሰው ሁሉ ፍርፍር አዘዘ፣ እኔ «ከነገ ጀምሮ የጥንት ሰው ነኝ» ብዬ ሁለት ቦምቦሊኖ በሻይ በላሁ። ስንብት ነው፤ ስንብት ላይ ሰው አይቆጠብም።

ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ መሬቱ ከሥራችን ጠፋ። ላላያችሁት፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ዝም ብሎ ቁልቁል ነው። ጭጋግ፣ ጠመዝማዛ፣ ከፊት የጭነት መኪና፣ በጎን ገደል። ሾፌሩ ጎበዝ ነው፣ ማርሹን በጊዜ ይቀንሳል፤ እግሬ ግን ይሄን ማን ነግሮት? በየኩርባው ወለሉን ይረግጣል። ደብረ ሲና ልንገባ ስንል ሾፌሩን አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ያቺ የእርስዎ ፍሬን እኮ አትሠራም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን እስካሁን ገደል አልገባንም አይደል?»

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መኪናውን ከበቡት። ቆሎም የአባቶች ምግብ ነው ብዬ ገዛሁ፤ ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ አለቀ። አገሩ የሚገለበጠው እዚህ ጋ ነው። በወረድን ቁጥር አንድ ልብስ አወልቃለሁ፤ ደብረ ሲና ላይ ጃኬቱን፣ አርማንያ ላይ ሹራቡን፣ ሸዋ ሮቢት ስንገባ በካናቴራ ቀርቼ ሆዴን አደባባይ አወጣሁት። እኛ ጋ ኅዳር ማለት ብርድ ልብስ መጨመር ነው፤ እዚህ ውሻው ሳይቀር ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር ገብቶ ተኝቷል።

ሆቴል ያዝኩ። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ኩሽናውንም ደንበኛውንም ባንድ ዓይን የሚቆጣጠሩ ሴት ናቸው። ማታ በኩራት «ማሽላ እንጀራ አለ?» አልኩ። አስተናጋጇ ወደ እሳቸው ዞረች፣ እሳቸው ወደ እኔ መጡ።

«ምን ጎደለብዎት ጋሼ? ጤፋችን አልተስማማዎትም?»

«ኧረ ጥሩ ነው። ማሽላ አምሮኝ ነው።»

«እዚህ ሆቴል ማሽላ ቀረበ ከተባለ ነገ ሾፌር ይቆምልኛል? ‹ጤፍ ጠፋባት› ነው የሚሉኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ራሴ ጓዳ የምበላው ማሽላ ነው። እሱ ግን የቤት ነው።»

«ከቤቱ ትንሽ አይሰጡኝም?»

«እንግዳ ነዎት እኮ!»

የአገሩን ጥራጥሬ ማሾስ ብላቸው «ማሾ የነጋዴ ነው» አሉኝ። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ገበሬ ያመረተውን ቁጭ ብሎ የሚበላ ይመስለናል። ማሾው በጭነት መኪና ወደ ላይ ይወጣል፣ ማካሮኒው በጭነት መኪና ወደ ታች ይወርዳል፤ እኔም ይሄን ሁሉ ቁልቁለት ወርጄ አዲስ አበባ ጥዬው የመጣሁትን ማካሮኒ በላሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ፋን ፍሪሲዮን መልቀቅ እንዳልለመደ ጀማሪ ተማሪ እየተንቀጠቀጠ አደረ።

ማክሰኞ

ባጃጅ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ሾፌሩና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ነን። የተሻለ ቦታ የያዘው ሽንኩርቱ ነው። መንገዱ የሚያልቅበት ላይ የሙሐመድ አባት ጋሼ ሰይድ አህያ ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። እኔን አዩ፣ አህያዋን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ።

«ሻንጣውን ብቻ እንጫናት መሰለኝ» አሉ።

በዚህ ጉዞ ላይ መጀመሪያ እፎይ ያለችው አህያዋ ናት።

በግራም በቀኝም ማሽላ ነው። ከተማ ያደገ ሰው ማሽላ ሲባል የበቆሎ ታናሽ ወንድም ይመስለዋል። እዚህ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ጭንቅላቱ ከብዶት፣ የሚያውቀው ሰው እንዳየ ሁሉ አጎንብሶ እጅ ይነሳል። እኔም መልሼ እጅ ነሳሁ። ደረስኩ አልኩ በልቤ።

ቤት ስንገባ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ለዓመታት እንደጠፋ ወንድም ተቀበሉኝ። ወዲያው ትሪ መጣ። ትሪው ላይ ለኔ ተብሎ ከከተማ የተገዛ ነጭ የጤፍ እንጀራ ተዘርግቷል። እላዩ ላይ የፍየል ወጥ። ፍየሉ የራሳቸው ነው፤ እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ሙስሊም ያረደውን አልበላምና፣ ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ሰጥተው አሳርደው፣ በጎረቤትየው ሚስት አሠርተው ነው ያመጡት። ይሄ ማለት ደግሞ እነሱ አይበሉትም። ሙሉ ፍየል ለኔና ለአራጁ! ከጎኑ ሩዝ አለ። ለጥቆ ሻይ መጣ፤ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እንደ ወንዝ አሸዋ ተኝቷል።

በተከፈተው በር ወደ ጓዳ አየሁ። እትዬ ዘሀራና ምራታቸው ቀላ ያለ፣ ወፈር ያለ እንጀራ እየቆረሱ ይጨዋወታሉ። ማሽላ! ምራቄን ዋጥኩ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ሙሐመድ አልነገረዎትም እንዴ? እኔ እኮ የመጣሁት ማሽላ ልበላ ነው።»

«ነግሮናል» አሉ። «ስቀን ሞትን። ‹እንዳታስቸግሯቸው› ለማለት ነው ብለን ነው የተረዳነው። ጨዋ ሰው እንዲህ ይላል።»

«እኔ ጨዋ አይደለሁም!»

«ይሄንንም የሚለው ጨዋ ሰው ነው። ይብሉ እንጂ፣ ቢስሚላህ ይበሉ።»

በላሁ። ምን ላድርግ? እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ቆመው ጉርሻዬን ያያሉ፤ እጄ በዘገየ ቁጥር ፊታቸው ይጨልማል። አዲስ አበባ ብዙ ብበላ ሚስቴ ትቆጣለች፣ እዚህ ትንሽ ብበላ ሰው ያዝናል። ማታ ፍራሼ ላይ ተጋድሜ አሰብኩት፤ ከስኳር ልሸሽ የመጣሁት ሰውዬ በዓመት የማልጠጣውን ስኳር ባንድ ቀን ጠጥቻለሁ።

ረቡዕ

ዘዴ አገኘሁ። ረቡዕ ፆም ነው! ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ከማሽላ በቀር ምን ይሰጡኛል? በጠዋት «ዛሬ ፆመኛ ነኝ» ብዬ አወጅኩ። እትዬ ዘሀራ «ማሻአላህ፣ እናውቃለን እኮ፣ ተዘጋጅተናል» አሉ። ምሳ ላይ ፓስታ በዘይት መጣ። ለፆሜ ብለው ትናንትና ከሸዋ ሮቢት ያስመጡት ነው።

ያን ጊዜ አንጀቴ ቆረጠና እውነቱን ተናገርኩ። ስኳሬ ድንበር ላይ መሆኑን፣ ሐኪሟ ያለችኝን፣ ለምን ማሽላ ፍለጋ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። እትዬ ዘሀራ ደረታቸውን ያዙ።

«ያ ረቢ! ታዲያ ቀድመው አይናገሩም?» ስኳሩን ከፊቴ ብድግ አድርገው ሄዱ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። ትንሽ ቆይተው ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ተመለሱ። ማር ነው። «ማር መድኃኒት ነው፣ በቁርኣንም ያለ ነው። ስኳሩን ተዉትና በዚህ ይጠጡ።»

«ማሽላውስ እትዬ?»

«ለታመመ ሰው ማሽላ? ሆድ ይከብዳል እኮ! እኔ ሩዝ በወተት እሠራልዎታለሁ።»

«ፆም ነኝ።»

«እንግዲያውስ ሩዝ በማር።»

አያችሁ የገባሁበትን? ትናንት እንግዳ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ እንግዳም በሽተኛም ሆንኩ። ማሽላ ለሁለቱም አይሰጥም።

ወደ ማታ ጋሼ ሰይድ ደጅ ቁጭ ብለው ማጭድ ይስላሉ። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚህ አገር ማሽላ የሚሰጠው ለማን ነው?»

ማጭዱን በአውራ ጣታቸው ፈተሹ። «ማሽላ የቤተሰብ ነው፣ የሠራተኛም ነው። እኔ ለእንግዳዬ ማሽላ አቀረብኩ ማለት ‹ለአንተ የሚሆን አጣሁ› ወይ ‹አልሳሳልህም› ማለት ነው። ይሄ ቀዬ እድሜ ልኬን ይስቅብኛል። ነገ ለምሳሌ የኔ ደቦ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ማሽላዬን ሊያጭድልኝ ይመጣል። እነሱ ማሽላ ይበላሉ።»

«እኔም ላጭዳ!»

ሆዴን አዩት፤ የትራፊክ ፖሊስ ትርፍ የጫነ ሲኖትራክ እንደሚያየው።

«ማጭድ ይዘው ያውቃሉ?»

«ማርሽ ይዤ አውቃለሁ።»

«እሱ አያጭድም» አሉ። ግን ማጭዱን ሰጡኝ።

ሐሙስ

ፀሐይ ሳትበረታ ማሳ ደረስን። የደቦው አለቃ አሊ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ድምፁ ከዚህ ሆኖ አጣዬ ይሰማል። መስመር አደለን። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ አገዳውን ከሥሩ ትቆርጣለህ፣ ታጋድማለህ፣ ወደፊት ትሄዳለህ። ችግሩ ለመቁረጥ ማጎንበስ ያስፈልጋል፤ እኔና መሬት ከተያየን ቆይተናል፣ በመሀላችን የቆመ አለ። ሌሎቹ ሲሄዱ እኔ የመጀመሪያዎቹ አገዳዎች ጋ ቀረሁ። አሊ ከሩቅ ለቀቀብኝ።

«የሸገሩ ወንድም ሆዱ ይቀድመዋል፣
ማሽላው ሳይታጨድ ገበታው ያምረዋል!»

ማሳው በሳቅ ተናጋ። የቀልደኛ ስም አለኝና ዝም አልልም፤

«ሆዴ የቀደመው መንገድ ሊያሳየኝ ነው፣
እጄን አትፍረዱበት ገና ተማሪ ነው!»

ቤት መታ አልመታ እንጃ፣ ብቻ እልል አሉልኝ። ከዛ በኋላ አንዱ እያለፈ ማጭዱን እንዴት እንደምይዝ ያሳየኛል፣ ሌላው ከመስመሬ ትንሽ ቆርጦልኝ ይሄዳል። አንዳንዱ አገዳ ጭንቅላቱ ታሞ፣ በፍሬው ፋንታ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ቋጥሯል፤ ስትነካው ይበተናል። አስነጠሰኝ። ጫማዬ ከከተማ ያመጣሁት ጠባብ የቆዳ ጫማ ነው። ሌሎቹ የፕላስቲክ ኮንጎ አድርገው ሳቁብኝ፣ እኔም የጫማዬን ክር ጠበቅ አደረግኩ። ላቤ ከአናቴ ተነስቶ ካልሲዬ ውስጥ ይከማቻል። ግን አቆምኩ አልልም። አባቴ ደጋግሞ ፊቴ ይመጣል፤ እሱ «ድንበር ላይ ነህ» ሲሉት አንድ ቀን እንኳ አላጎነበሰም።

ምሳ መጣ። እትዬ ዘሀራና ምራታቸው በትልቅ ሞሰብ የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቃሪያ፣ የማሽላ ንፍሮና በቅል አሬራ ይዘው ደረሱ። ሰው ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፣ እኔም ተቀመጥኩ። እትዬ ዘሀራ ግን በንጹህ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ከብብታቸው አወጡና ፊቴ አስቀመጡት። ሲፈታ ነጭ ጤፍ ነው። ማልቀስ ቃጣኝ።

አሊ አየው። «እትዬ ዘሀራ፣ ያ ነጩ ለማን ነው?»

«ለእንግዳችን።»

«እንግዳ የታለ? እኔ ያመጣሁት አጫጅ ነው። እንግዳ ካለ ተነስቶ ዛፍ ሥር ይቀመጥ።» ወደኔ ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ነህ አጫጅ?»

መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁ። ውሃ የቋጠረውን፣ የፈረጠውን። «አጫጅ ነኝ፣ ምስክሬ ይኸው።»

ሁሉም ጋሼ ሰይድን አየ፤ ስማቸው ነው ያለው እዚህ ላይ። እሳቸው መጀመሪያ መዳፌን አዩ፣ ቀጥለው መስመሬን አዩ። መስመሬ ዘግናኝ ነው፤ በግ የጋጠው ይመስላል።

«ስጪው ዘሀራ» አሉ። «ማሽላውን ስጪው። ወላሂ ሠርቷል።»

ሠርተዋል አላሉም፣ ሠርቷል ነው ያሉት። ከአንቱ ወደ አንተ ወረድኩ። እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቼ አላውቅም።

ጣዕሙን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጉርሻ ደረቅ ነው፣ እንደ ጤፍ አይለምንህም፤ አኝከኝ ብሎ ያዝዝሃል። ሁለተኛው ላይ ለስለስ ይላል። ሦስተኛው ላይ ከኋላ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ከዛ ሳታስበው ሆድህ «በቃኝ» ይላል። ሆዴ ይሄን ቃል የሚያውቀው አይመስለኝም ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤት ተመለስን። መደብ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩ። ቀኝ እግሬ ደንዝዟል። ካልሲዬን ገፈፍኩ። አውራ ጣቴ ጠቁራለች።

ቀልድ የለም አሁን። ከጥፍሯ እስከ ሥሯ ጥቁር ናት። ጫን አልኳት፣ የሰው ጣት የነካሁ መሰለኝ። የአባቴን አልጋ አየሁት፣ ብርድ ልብሱ ሥር በአንድ በኩል ባዶ የነበረውን። ድንበር ላይ ነው ያለችኝ ሐኪም ተሳስታለች ማለት ነው፤ ድንበሩን ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ። ካልሲውን መልሼ አጠለቅኩት። ካላየሁት የለም።

እትዬ ዘሀራ ለብ ያለ ውሃና ሳፋ ይዘው መጡ።

«ተዉ እትዬ፣ ዛሬ ይቅር።»

«ምን ይቅር ይላል ይሄ! ደቦ የዋለ ሰው እግሩን ሳይታጠብ ቤቴ አያድርም።» አሁን እሳቸውም ከአንቱ አውርደውኛል፣ ደስ ሊለኝ ግን አልቻለም። ካልሲውን ጎትተው አወለቁት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ውሃው ሲፈስ ሰማሁ፣ እጃቸው ጣቶቼን ሲያሽ ተሰማኝ። ከዛ ሳቅ ሰማሁ።

«ሰይድ! ኧረ ና እይ! ግርማ የማሽላውን በሽታ በካልሲው ይዞት መጥቷል!»

ዓይኔን ገለጥኩ። የሳፋው ውሃ ቀለም መስሏል። ጣቴ ግን ቀይ ናት፣ ጤነኛ፣ ጠባብ ጫማ ከመለጣት በቀር ምንም ያልነካት። ያ የታመመው ማሽላ ጥቁር ዱቄት ነው፣ በጫማዬ ቀዳዳ ገብቶ በላብ ተቦክቶ የተለጠፈባት።

ሳቁም ለቅሶውም ባንድ ላይ መጣብኝ። ጋሼ ሰይድ ምን ሆንክ ሲሉኝ የአባቴን ነገር ነገርኳቸው። ሰሙኝና አጠገቤ ቁጭ ብለው ጣቴን ያዙ።

«ይሄ ይሰማሃል?»

«ትንሽ ይሰማኛል።»

በጥፍራቸው ቆነጠጡኝ። «ይሄስ?»

«ኧረ ያማል!»

«አልሐምዱሊላህ። የሚያምህ እግር ያንተ ነው። አሁን ጫማ ቀይር።»

ያን ቀን እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ። በእፎይታዋ ስለቀለድኩ አህያዋን ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ፤ ተኝታለች።

አርብና ቅዳሜ

አርብ ጠዋት የማሽላ ገንፎ በተልባ መጣልኝ፤ ማንም አላፈረም፣ ማንም በር ላይ ቆሞ ጉርሻዬን አላየም። ጋሼ ሰይድ ከጁምዓ ሲመለሱ ቁጭ አሉና ከኪሳቸው ትንሽ ነጭ ክኒን አውጥተው በውሃ ዋጡ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የደም ግፊት። ጤና ጣቢያ ይሰጡኛል።»

«ሙሐመድ የሐኪም ደጅ ረግጦ አያውቅም ብሎኝ!»

«እሱ አያውቅም። እንዳትነግረው፤ ሥራ ጥሎ ይመጣል።» ውሃቸውን ጨረሱ። «ማሽላውንም ብላ፣ ሐኪሟንም ስማ። ሁለቱ አይጣሉም።»

ይኸው የጥንቱ ምግብ ምስጢር። (ሙሐመድ፣ አባትህ ራሱ ነግሮሃልና አሁን መጻፍ እችላለሁ።)

ቅዳሜ አሊ ደጃፍ ላይ መጥቶ ጮኸብኝ። ሰው ደቦ ሲውልልህ አንተም ትውልለታለህ፤ የጋሼ ሰይድ ቤተሰብ ከሆንኩ የቤቱ ብድር የኔም ነው። በጋሼ ሰይድ አሮጌ ኮንጎ አሊ ማሳ ዋልኩ። መስመሬ ዛሬም በግ የጋጠው ይመስላል፣ ግን በጉ ትንሽ ሠልጥኗል።

እሁድ

አህያዋ አሁን ሻንጣና አንድ ከረጢት ዱቄት ተሸከመች። እትዬ ዘሀራ ከረጢቱን ሲያስሩ «ለምንሸኘው ሰው የምንሰጠው ማር ነበር» አሉ። «ላንተ ግን ማር አልሰጥህም፣ ማሽላ ነው።» ጋሼ ሰይድ መንገዱ መጨረሻ ድረስ ሸኙኝ፤ ተቃቅፈን ተለያየን። ስመለስ ዳገት ስለሆነ እግሬ አረፈ፤ ዳገት ላይ ፍሬን አይረገጥም። በወጣን ቁጥር ልብሴን መልሼ ለበስኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ቦምቦሊኖው በመስታወት ውስጥ ሆኖ አየኝ። እኔም አየሁት። ተሰነባበትን።

ከዛ ወዲህ

አዲስ አበባ ማሽላ አላበቃም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሻይዬን መራራውን እጠጣለሁ፣ ማሽላውን አልማዝ ከጤፍ ጋር እየቀላቀለች ትጋግራለች። ከገና በኋላ ሐኪሟ ጋ ገባሁ። ወረቀቱን ስታይ እግሬ ወለሉን ሲረግጥ ያዝኩት።

«ወርዷል» አለች። «መድኃኒት አሁን አያስፈልግዎትም። ምን አደረጉ?»

«ማሽላ!»

ሳቀች። «ማሽላም ከበዛ ስኳር ይሆናል አቶ ግርማ። ያወረደው የተዉት ስኳርና እግርዎ ነው። ማሽላው ቶሎ አጥግቦ አግዞዎት ይሆናል፣ ተአምር ግን አይደለም። እየተመላለሱ ይታዩ።»

«ፍሬኑን አልልቀቀው ነው የምትይኝ?»

«በትክክል።»

ደረጃውን ስወርድ የእያንዳንዱን እርምጃ ድምፅ ሰማሁት። ሁለት እግር ነበር።

ጥር ላይ ጋሼ ሰይድ ልጃቸው ጋ መጡ፤ ሙሐመድ እኛ ቤት ለምሳ አመጣቸው። ከቀናት በፊት አልማዝን «ማሽላ እናቅርብላቸው» ብላት «ለእንግዳ ማሽላ? ሰው ምን ይለኛል? አብደሃል?» ብላ ከቤት ልታስወጣኝ ደረሰች። ሥጋው እንዳያስቸግራቸው ዓሣ ሠራች፣ ነጭ ማኛ ጤፍ ዘረጋች፣ ሩዝም ነበር።

እኔ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃና ሳፋ አመጣሁ። «ኧረ ተው!» አሉ፣ እኔ ግን ካልሲያቸውን ጎተትኩ። አጠብኳቸው። ስጨርስ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሳፋውን አየን። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ተያየንና ሳቅን፤ አልማዝና ሙሐመድ ምን እንዳሳቀን አልገባቸውም።

ገበታ ቀረብን። ጋሼ ሰይድ ትሪውን አዩ።

«ግርማ፣ ይሄ ነጩ ለማን ነው?»

«ለእንግዳችን።»

«እንግዳ የታለ?» አሉና ወደ ጓዳው በር ተመለከቱ።

ማሽላውን ነው የሚፈልጉት ስላት አልማዝ መጀመሪያ አላመነችም። ከዛ ፊቷ ቀልቶ ገባችና የቤቱን እንጀራ ይዛ መጣች፤ ማሽላው የበዛበት፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ። ጋሼ ሰይድ ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ፣ አላመጡ፣ ቆይተው ዋጡ። «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሏት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና ደግሞ፣

«ገና ተማሪ ናት» አሉኝ። «ፍሬኑን ያዝላት።»